ያቆሰልነውን ማን ይከተለዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው ወር በጥያቄና መልስ ጉባኤያችን አንድ ወንድማችን በወረቀት ጽፎ የላከውን ጥያቄ ታስታውሱታላችሁ። «የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሜዳ ወጥተው ካዮቲ ይተኩሳሉ። እኔንም ና ይሉኛል። ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ይል ነበር። ጥያቄው ሲነበብ ብዙዎቻችን ሳቅን። «አውሬ አይደለም እንዴ!» ያለም ነበረ። ሰዓቱ መሽቶ ስለ ነበር ሰብሳቢያችን «አውሬን መግደል አልተከለከለም፤ ሰንበትን እንዳታፈርስ ብቻ ተጠንቀቅ» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። (ቅዳሜም ሰንበት መሆኗን ያስታወሰ አልነበረም።) መልሱ በራሱ ስሕተት የለበትም። እኔ ግን ስለዚህ ነገር የማውቀው እያለኝ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ዝምታ ዕዳ አድርጌ ስለ ቆጠርኩት ነው።

ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡት ጥቂት ላስረዳ። ካዮቲ ማለት ከተኩላ የሚያንስ፣ ሲያዩት የአገራችንን ቀበሮ የሚያስታውስ የአሜሪካ አውሬ ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። አይጥና ጥንቸል፣ ጥንብም ፍራፍሬም ይበላል፤ ሲመቸው ደግሞ የበግ ግልገል ይነጥቃል። እኛ በምንኖርበት በዴንቨርና በአውሮራ ዳርቻ ሌሊት ሲጮህ የሰማችሁት ብዙዎች ናችሁ። በምዕራቡ የአሜሪካ ክፍል በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዓመቱን ሙሉ ይታደናል፤ ለአንድ አዳኝም «ይህን ያህል ብቻ» የሚል ወሰን አልተደረገለትም። ሥጋውን የሚበላ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚገደለው ወይ ለቆዳው፣ ወይ በግና ጥጃን ለመጠበቅ፣ አለዚያም ለጨዋታ ነው። የእኔ ነገር ሦስተኛው ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥምቀት ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወዳለው ሰፊ ሜዳ፣ አጎቱ በግ ወደሚያረቡበት ቦታ ወሰደኝ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ በጀመርኩ ጊዜ ምሳውን ያካፈለኝ እርሱ ነው። ጠመንጃው በሁለት አጫጭር እግሮች መሬት ላይ የሚቆም፣ ከላዩ ትልቅ መነጽር የተገጠመለት ነበረ። ርቀቱን በሌዘር የሚለካ መሣሪያ አለ። የነፋሱን ፍጥነት የሚለካ ሌላ ትንሽ መሣሪያ አለ። ይህ ሁሉ ቁጥር በስልክ ውስጥ ወዳለ የሒሳብ ፕሮግራም ይገባና መነጽሩ ምን ያህል መዞር እንዳለበት ይነግራል። ለሰውየው የሚቀረው ትንፋሹን ገታ አድርጎ ቃታውን መሳብ ነው።

አውሬውን ለመጥራት ደግሞ ከፊታችን ርቆ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተቀመጠ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ? የቆሰለ ጥንቸል ጩኸት ነው። ካዮቲው ያንን ሰምቶ የቀለለ ምግብ አገኘሁ ብሎ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ብልሃቱ ደነቀኝ እንጂ ሌላ አልታሰበኝም። የቁስለኛን ጩኸት በሳጥን ይዘን መዞራችን እንግዳ ነገር መሆኑን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ካዮቲ በሩቅ ጉብታ ላይ ብቅ አለ። ቆመ፤ አልቀረበም። ባልደረባዬ ለካና «590 ያርድ» አለኝ፤ 540 ሜትር ያህል ማለት ነው። «የዛሬው የአንተ ነው» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስመር መስቀለኛ ነው። መስቀሉን በአውሬው ጎን ላይ አሳረፍኩና ቃታውን ሳብኩ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ቆይቶ «ጧ» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተመለሰ። ባልደረባዬ «መታኸው!» ብሎ ትከሻዬን ጠበጠበኝ።

መታሁት፤ ግን አልወደቀም። በመነጽሩ እያየሁት እንደ እንዝርት በራሱ ላይ ዞረ፤ ሌላ አውሬ ከኋላው የነከሰው መስሎት የገዛ ታፋውን ይነክስ ጀመር። ነገሩ ከየት እንደ መጣበት አላወቀም። ድምፃችንን ከመስማቱ በፊት ነበር የተመታው። ከዚያም የኋላ እግሩን እየጎተተ ከጉብታው ወዲያ ሰጠመ።

«እንሂድና እንየው» አልኩ። «ይሞታል፤ አታስብ። ደግሞ መሽቷል» አለኝ። ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እንዲህ እንዲለኝ ፈልጌ ነው የጠየቅሁት። መኪናው ውስጥ ገብተን ማሞቂያውን ከፍተን ተመለስን። እናቴ «የት ዋልክ?» ስትለኝ «ሜዳ ወጥተን ነበር» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ወንድሞችና እህቶች፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ነገር ላይ ያሰብኩትንና ያነበብኩትን ልንገራችሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። አደን በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። እግዚአብሔር አምላክ ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅና ለልጆቹ እንስሳትን ለምግብ እንደ ፈቀደ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እናነባለን፤ በዚያው ቦታ ግን ደምን በሚመለከት ወሰን አኑሯል። ሰውና አውሬ አንድ ዋጋ አላቸው የሚሉትንም አልከተልም። ጌታችን ራሱ ሐዋርያትን ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጡ ነግሯቸዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከእነዚያ በርካሽ ከሚሸጡ ድንቢጦች አንዲቱ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ በምድር ላይ እንደማትወድቅ አስተምሯል። ከጉብታው ወዲያ የሰጠመው ካዮቲ እኔ አላየሁትም ማለት ማንም አላየውም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ተኩሱ ልመለስ፤ ብዙዎቻችን ነገሩን ሳናውቀው «በመነጽር ያነጣጠረ አይስትም» የምንል ነንና። በዚያ ርቀት ጥይቱ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት የሚያንስ ጊዜ በአየር ላይ ይቆያል። አንድ ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ካዮቲ በእርጋታ ሲራመድ እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጥይቱ እየሄደ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ጠመንጃው በ100 ያርድ ላይ የተስተካከለ ከሆነ በዚያ ርቀት ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ ይህን መሣሪያው አስልቶ ያቃናዋል። ነፋሱ ግን ሌላ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ጥይቱን ከግማሽ ሜትር በላይ ይገፋዋል። የነፋስ መለኪያው ደግሞ የሚለካው በእጃችን ላይ ያለውን ነፋስ ነው፤ በሸለቆው መካከል ያለውን፣ በጉብታው ጫፍ ላይ ያለውን ነፋስ ማን ይለካል? ግምታችን በአራተኛ እጅ ብቻ ቢሳሳት ጥይቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይስታል። የካዮቲ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከሲኒ ማስቀመጫ እምብዛም አይሰፋም። እንግዲህ አስሉት። ልቡ ላይ ያነጣጠርነው ሆዱን ወይም ታፋውን ይመታል፤ እንደ እኔ ማለት ነው።

ዒላማው ብረት ወይም ወረቀት በሆነ ጊዜ ይህ ስሕተት ጨዋታ ነው፤ ደግመው ይተኩሳሉ። በዚህ ጥበብ የተካኑ፣ ብዙ ዓመት የለፉ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም በብረት ዒላማ ላይ ሲወዳደሩ ደጋግመው እንደሚስቱ አይደብቁም። ነፍስ ባለው ላይ ሲሆን ግን የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ተኳሹ አይደለም።

ይህን የሚሉ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ የሚባል፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው የአዳኞች ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር እጅግ ከራቀ ቦታ በአውሬ ላይ መተኮስን ተቃውሟል። ምክንያቱም አውሬው በዓይኑ፣ በጆሮውና በአፍንጫው አደጋን የሚያውቅበትን ተፈጥሮውን ከንቱ ስለሚያደርግበት፣ አደኑንም አውሬውንም ስለሚያቃልል ነው። ይህን የሚሉት አዳኞች ናቸው፤ ቤታቸው የቀንድ ግንባር የተሰቀለበት ሰዎች።

በአገራችንም አባቶቻችን አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለውን ያሞግሱ፣ ግዳይ የጣለውን ያስፎክሩ ነበር። ሁሉን አመሰግናለሁ አልልም፤ ፉከራው ለጥርሱ ሲል ያለቀውን ዝሆን አይመልሰውም። ነገር ግን ሙገሳው የሚሰጠው ለምን እንደ ነበር አስተውሉ። ሰውየው አውሬው ሊደርስበት በሚችል ቦታ ስለ ቆመ ነው። አንበሳን አቁስሎ ወደ ቤቱ የገባ ሰው በአደባባይ ምን ብሎ ይፎክራል? የቆሰለ አንበሳ ሰፈሩን እንደሚያጠፋ ሁሉም ያውቃልና ተከትሎ መጨረስ ግዴታው ነበረ። ካዮቲ ግን ቢቆስል ለእኛ አያሰጋንም። ስለዚህ እንተወዋለን።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ቅዱስ ዳዊት ነው። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ዳዊት በሳኦል ፊት ቆሞ የእረኝነት ዘመኑን ሲናገር፣ አንበሳ ወይም ድብ ከመንጋው ጠቦት ሲነጥቅ በኋላው ሮጦ እንደሚመታውና ጠቦቱን ከአፉ እንደሚያስጥል፣ ቢነሣበትም ይዞ እንደሚገድለው ይገልጻል። አውሬ ገደለ፤ ማንም አልነቀፈውም፤ መጽሐፍም ለክብር ጻፈለት። ዳዊት በዚያ ጊዜ የአንበሳው ትንፋሽ ፊቱን ይሞቀው ነበር ማለት እንችላለን። የገደለውም በእጁ ያለውን በግ ለማዳን ነው።

ይኸው ዳዊት ንጉሥ ከሆነ በኋላ ደግሞ ሌላ ገደለ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ኦርዮን በምን ገደለው? በደብዳቤ ነው። ሰገነቱ ላይ ሆኖ፣ ሰይፍ ሳይመዝ፣ ደም ሳይነካው፣ ያውም ደብዳቤውን ሟቹን ራሱን አስይዞ። ወሬው ሲመጣለትም ሰይፍ አንዱንም ሌላውንም ይበላል ብሎ መልእክተኛውን አጽናናው። በእጁ አንበሳ የገደለ ሰው፣ ርቀት ሲገባበት የታማኝ ወታደሩን ሞት እንደ ተራ ወሬ ሰማው። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚባለው እንዲህ ነው። ነቢዩ ናታን መጥቶ ልቡን የመለሰው በምን እንደ ሆነም ልብ በሉ። በአንዲት ታናሽ በግ ታሪክ ነው፤ ከድሃው እንጀራ የምትበላ፣ በብብቱ የምትተኛ በግ። ናታን የራቀውን ነገር አምጥቶ በዳዊት ብብት ውስጥ አስቀመጠው። እረኛው ያን ጊዜ ነቃ።

የአንድ ካዮቲን ሞት ከኦርዮ ሞት ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ብናገር ድፍረት ይሆንብኛል። የምለው የሰው ልብ በሁለቱም ላይ የሚሠራው በአንድ ዓይነት መሆኑን ነው። የልቡ አሠራር በትንሹ ይለመድና በትልቁ ይገለጣል።

አባቶቻችን በትውፊት የሚነግሩን የላሜሕ ታሪክም አለ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላሜሕ ለሚስቶቹ ሰው እንደ ገደለ ይናገራል፤ እንዴት እንደ ገደለ ግን መጽሐፉ አይተርክም። በትውፊቱ ላሜሕ ዓይነ ስውር ነበረ። አንድ ብላቴና ይመራው ነበር። ከቁጥቋጦው ውስጥ ኮሽታ ሰምቶ አውሬ መስሎት ወረወረ፤ የተመታው ግን ቃየን ሆኖ ተገኘ። በድንጋጤውም እጁን ሲያጋጭ ብላቴናውን ገደለው። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ የሚገርመኝ ዕውር ሰው ለምን ይተኩሳል የሚለው ነበር። አሁን ግን አልፈርድበትም። እኔ ዓይን ነበረኝ፤ በዓይኔ ላይም አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ነበረኝ፤ የሚመራኝም መሣሪያ ነበረ። ይህ ሁሉ ሳለ ከቃታው በኋላ የሚሆነውን አላየሁም። ላሜሕ ቢያንስ ሄዶ ማን እንደ ተመታ አወቀ።

«በጎቹስ?» የምትሉኝ አላችሁ፤ ተገቢ ነው። በግ የሚያረባ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ግልገሉ ተዘንጥሎ ሲያገኝ፣ ከከተማ የመጣ ወጣት ስለ ርኅራኄ ቢሰብክለት ምን ይለዋል? አያቴ በግ ጠባቂ ነበሩና ይህ አይጠፋኝም። መንጋውን የሚያጠፋውን አውሬ እረኛው ይግደለው፤ ይህ የዳዊት ሥራ ነው። ሆኖም ባልደረባዬና እኔ ያን ዕለት የማንንም በግ አልጠበቅንም። ካዮቲው ከበጎቹ በረት ሳይሆን ከእኛ የሐሰት ጥንቸል ዘንድ ነበር የመጣው። በጅምላ መግደሉም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በየዓመቱ ከመቶ ሰባው ቢገደል እንኳ የካዮቲ ዘር ራሱን ሊተካ እንደሚችል አስልተዋል። የቀሩት ምግቡ ይተርፋቸዋል፤ ግልገሎቻቸውም በብዛት ያድጋሉ። በአንዳንድ ቦታ በቅዳሜና እሑድ ብዙ ካዮቲ ለገደለ ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ አሁንም የሚሰጥበት አለ። ካሊፎርኒያ በ2014፣ ቨርሞንት በ2018፣ ኒው ሜክሲኮ በ2019፣ እኛ ያለንበት ኮሎራዶም በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን የመግደል ውድድር ወይም ሽልማቱን ከልክለዋል። መንግሥት የማይከለክለው ሁሉ ግን ለክርስቲያን የተፈቀደ አይደለም።

በዚሁ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ያልረሳሁት የአልዶ ሊኦፖልድ ታሪክ ነው። ሊኦፖልድ በወጣትነቱ በአሪዞና የመንግሥት ደን ሠራተኛ ነበር። ተኩላ ካነሰ አጋዘን ይበዛል ብሎ ያምን ነበር፤ በዘመኑ ሁሉም እንዲሁ ያምናል። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ከገደል አፋፍ ላይ ሆነው ከታች በወንዝ ዳር ባሉ ተኩላዎች ላይ የያዙትን ጥይት ሁሉ አራገፉባቸው። እናቲቱ ወደቀች፤ አንድ ግልገል እግሩን እየጎተተ ወደ ድንጋዩ ናዳ ገባ። ሊኦፖልድ ግን ወረደ። ተኩላዪቱ ሳትሞት ደረሰና በዓይኗ ውስጥ ያለው ብርሃን ሲጠፋ አየ። ይህ ሰው በኋላ ስለ ዱር አራዊትና ስለ ምድር አጠባበቅ ከጻፉት ሁሉ ስሙ የታወቀ ሆነ፤ ታሪኩን የያዘው መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1949 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሳነበው የቆጨኝ እርሱ የወረደባት መንገድ ናት። ባይወርድ ኖሮ ያን ቀን እንደ መልካም የአደን ቀን አድርጎ ያስታውሰው ነበር፤ እኔ አንድ ሳምንት እንዳደረግሁት።

አዎን፤ አንድ ሳምንት ያህል ለሰው አወራሁ። «590 ያርድ!» እያልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ከቤታችን ጀርባ ካዮቲ ሲጮህ ሰማሁ፤ በዚህ ሰፈር ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጸሎት ስነሣ የማስበው የዞረበትን አዟዟር ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። (ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።) ምናልባት «ይህም ኃጢአት ብለህ መጣህ?» ይሉኛል ብዬ ነበር፤ አለዚያም ስግደት ያዙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፦

«ልጄ፤ አንተ ከነበርክበት እርሱ እስከ ነበረበት ስንት እርምጃ ይሆናል?» አሉኝ።

«590 ያርድ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

«እርሱንማ መሣሪያው ነገረህ። በእግርህ ስንት ነው?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሂድና እወቅ። ከዚያ በኋላ ተመለስና ስለ ስግደቱ እንነጋገራለን።»

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 በሜዳ ላይ ተገድሎ የተገኘ ሰው ገዳዩ ባይታወቅ ሽማግሌዎች ወጥተው ከሬሳው እስከ ከተሞቹ ያለውን ርቀት እንዲለኩ ታዝዟል። ይህን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ የሚለኩት ማን ኃላፊ እንደሚሆን ለማወቅ ነው፤ እኛ ግን የለካነው ለመተኮስ ብቻ ነበር። እንግዲህ ጥያቄውን የጻፍከው ወንድሜ፤ አትሂድ አልልህም፤ ብትሄድ ግን በእግርህ ሄደህ ልታየው ከማትፈቅድበት ርቀት አትተኩስ፤ ካቆሰልከውም መሽቷል፣ ብርድ ነው አትበል። የጀመርከው ያንተ ነው። በጨዋታማ ቢሆን የብረት ዒላማ አለልህ፤ እርሱ አይደማም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን ተነሥቼ ሄድኩ። በመጀመሪያ የባልደረባዬን አጎት አንኳኩቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጠባያቸውም ኮስታራ ነው። ለምን እንደ መጣሁ ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሂድ፤ ስትጨርስ ግን እዚህ ተመለስ» አሉኝ።

ከተኛንበት ቦታ ጀምሬ እየቆጠርኩ ሄድኩ። 721 እርምጃ ሆነ። ስምንት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጉብታው ላይ አሮጌ በረዶ ነበረ፤ በላዩም ቡና የመሰለ ደረቅ ደምና ጥቂት ጠጉር። ከዚያ ወዲያ የተጎተተ ነገር ዱካ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሽቦውን አጥር ተከትሎ ሄዶ ከመንገዱ ሥር ውኃ ወደሚያሳልፈው ቱቦ ይገባል። ቱቦው አፍ ላይ በረዶው ተረጋግጧል። የሰው ጫማ ነበር።

ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ሽማግሌው በጓሮው ለበጎቹ ድርቆሽ እያወጡ አገኘኋቸው። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እኛ በሄድን ማግሥት ማለዳ በጎቹን ሊያበሉ ሲወጡ ደሙን በአጥሩ ሥር አዩት። ተከትለው ቱቦው ዘንድ ደረሱ። ካዮቲው በሕይወት ነበረ። ወደ ቤት ተመልሰው ጠመንጃ አምጥተው አሳረፉት። ባለፈው ጸደይ አሥራ አንድ ግልገል በካዮቲ አልቆባቸዋል።

«ካዮቲ እጠላለሁ» አሉ። ከዚያም በእጃቸው ያለውን ድርቆሽ እያዩ «ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ነበረ» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። አንዱን እስር አንሥተው ወደ በረቱ ሄዱ፤ እኔም ሌላውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።